አገር በቀል ቼሪያችሁ አላብብ ካለ፣ ሙጫ ካወጣ፣ ቅጠሉ ከተጠቀለለ

አገር በቀል ሲባል ለናንተ አካባቢ አገር በቀል ማለት ነው፣ አውሮፓ ከሆናችሁ የዱር ቼሪና የወፍ ቼሪ፣ ሰሜን አሜሪካ ምስራቁ ላይ ደግሞ ጥቁር ቼሪና ቾክቼሪ። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ቁመቱን ሳያዩ ከመትከል ነው። የዱር ቼሪ እኮ 20 ሜትር ይደርሳል፣ ግድግዳ ስር ተክሎ በየዓመቱ አናቱን እየቆረጡ ማሳጠር ለበሽታ በር መክፈት ነው። ቾክቼሪ አጭር ነው፣ ግን ከስሩ እየበቀለ ይስፋፋል።

አላብብ ካለ፦ ከዘር የበቀለ ከሆነ ገና ልጅ ነው፣ ታገሱት። ትልቅ ሆኖ ካላበበ ጥላ ውስጥ ነው ወይ ለሳሩ የምትበትኑትን ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ስሩ እየጠጣ ቅጠል ብቻ ያወጣል። ሌላው ደግሞ በብርዱ ወቅት መግረዝ ነው፣ የአበባው እንቡጥ ባለፈው ሙቀት ወቅት የተቋጠረ ስለሆነ አብራችሁ ቆርጣችሁ ጣላችሁት ማለት ነው። ብርድ ጭራሽ የሌለበት ቦታ ከሆነ ግን ምንም ብታደርጉ በደንብ አያብብም፣ ሌላ ዛፍ ፈልጉ።

ሙጫ ካወጣ፦ ሙጫው ራሱ በሽታ አይደለም፣ ዛፉ ተጎድቻለሁ እያለ ነው። ልጣጩን እዩት። ጠቁሮ ከሰረጎደና ከዛ በላይ ያለው ቅርንጫፍ ቅጠል ካላወጣ ባክቴሪያ ነው፣ እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ቁረጡት፣ መጋዙን አጽዱ፣ ቁስሉን ቀለም አትቀቡት። የሚቆረጠው በሞቃትና ደረቅ ቀን ነው፣ በእርጥብና ብርዳማ ጊዜ ባክቴሪያውም፣ ቅጠሉን ብር የሚያስመስለው ፈንገስም በቁስሉ ይገባል። ልጣጩ ጤነኛ ከሆነ አፈሩን ጠርጥሩ። 30 ሴንቲሜትር ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት፣ በማግስቱም ውሃው እዛው ካለ ስሩ እየታፈነ ነው፣ ውሃው የሚሄድበት ቦይ አውጡለት ወይ ገና ችግኝ ከሆነ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አዛውሩት። የወፍ ቼሪ ብቻ እርጥበት ትንሽ ይችላል።

ቅጠሉ ተጠቅልሎ ከተጣበቀ ክሽክሽ የሚባሉት ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። በውሃ ግፊት እጠቧቸው፣ ትልቅ ዛፍ ላይ ከሆነ ተዉት። የወፍ ቼሪው ሙሉ በሙሉ በድር ቢሸፈንም አትደንግጡ፣ አባጨጓሬ ነው፣ ቅጠሉን ይጨርሰዋል፣ ዛፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ መርዝ መርጨት ብክነት ነው።

ጥቁር ቼሪና ቾክቼሪ ላይ ቅርንጫፉ ከሰል የተለጠፈበት ከመሰለ ጥቁር እጢ የሚባለው ፈንገስ ነው። ይሄ ብቻ ነው በብርዱ የሚቆረጠው፣ ቅጠል ሲረግፍ በደንብ ስለሚታይና በጸደይ ዘሩን ከመበተኑ በፊት መወገድ ስላለበት። ከእጢው 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ብላችሁ ቁረጡና አቃጥሉት። ቅጠል ያለበትን ቁራጭ ደግሞ ለከብትም ለፍየልም እንዳትጥሉ፣ የጠወለገ የቼሪ ቅጠል ሳያናይድ የሚባል መርዝ ያመነጫል፣ ይገድላል።