አሠራር የግራፊንን ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚለውጥ በእርሳስ መሞከር

ግራፊን የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርበን ንጣፍ ነው። የእርሳስ ግራፋይት ደግሞ የዚህ ንጣፍ ድርድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ማንቸስተር ውስጥ ንጣፉን ከግራፋይት የላጡት በተራ ስኮች ነበር። ነጠላውን ንጣፍ ቤት ውስጥ መለካት አንችልም። አያያዝ ኤሌክትሪኩን እንዴት እንደሚቀይረው ግን ጎንደር ሆነን በእርሳስ ማየት እንችላለን።

ፒያሳ ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች 4ቢ ወይም 6ቢ እርሳስ ፈልጉ። ኤችቢ ሸክላው ስለሚበዛ ኤሌክትሪክ እንደልብ አያሳልፍም። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ሞባይል ጠጋኞች ዘንድ አይጠፋም። ከሶኬት ጋር በፍጹም አታገናኙ፣ የቴስተሩ ባትሪ ይበቃል።

ደረቅ ወረቀት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስመር አውጡና እስኪያብረቀርቅ አጥቁሩት። ጫፎቹን በፎይል ጠቅልላችሁ በአግራፍ አጥብቁ። ቴስተሩን 200 ኪሎ ኦም ላይ አድርጉ። ኦም መስመሩ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ያልፋል ማለት ነው። “1” ብቻ ካሳየ ወደ 2000 ኪሎ ኦም ከፍ አድርጉ። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ብረታቸው ላይ በጣት አትያዙ፣ ሰውነታችሁም ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ ቁጥሩ ይዛባል።

አሁን መስመሩን በማንኪያ ጀርባ ደጋግማችሁ እሹት። ቅንጣቶቹ ተኝተው ስለሚቀራረቡ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ይወርዳል። ቀጥሎ አግራፉን አላሉት። ቁጥሩ ሲወጣ ታያላችሁ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ መስመሩ አልተነካም፣ የተለወጠው የብረቱና የካርበኑ ንክኪ ብቻ ነው። የግራፊን ሠራተኞችም ብዙ የሚደክሙት በዚህ ንክኪ ላይ ነው።

በላብራቶሪ ግራፊን አብዛኛውን ጊዜ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከሜቴን ጋዝ መዳብ ላይ ይበቅላል። ወደ ሲሊከን ለማዛወር በላዩ ፕላስቲክ ይቀባል። ፕላስቲኩ በአሴቶን ቢታጠብም ርዝራዡ አይጠፋም። ርዝራዡ፣ እርጥበቱና የአየሩ ኦክስጅን የኤሌክትሮኖቹን ብዛት ይቀይራሉ፣ ፍጥነታቸውንም ይቀንሳሉ። ስለዚህ በአየር አልባ ምድጃ 300 ዲግሪ አካባቢ ያሞቁታል። ሙቀቱ ከበዛ ግን ንጣፉ ከሥሩ ካለው የሲሊከን ኦክሳይድ ጋር ይጣበቃል፤ የተገኘው ጥቅም መልሶ ይቀንሳል። በኦክሳይዱ ፋንታ ቦሮን ናይትራይድ በተባለ ለጥ ያለ ክሪስታል ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖቹ እጅግ በቀላሉ ይሮጣሉ።

ወደ ወረቀታችሁ ተመለሱ። መስመሩን መሃሉ ላይ አጥፉና ዘርጉት። ስንጥቁ የኤሌክትሪኩን መንገድ ስለሚቆርጥ ቁጥሩ ይጨምራል። ከዚያ ስንጥቁን በእርሳሱ ደግማችሁ አጥቁሩና እንደገና ለኩ። ክረምት ላይ የምትሞክሩ ከሆነ ወረቀቱን ቀድማችሁ ጥሩ አድርጋችሁ አድርቁ።