የአውስትራሊያ እግር ኳስ እንግዳ ውጤቶችን እንዴት ማንበብ፣ ማጣራትና መመዘን ይቻላል

በአውስትራሊያ እግር ኳስ የአንድ ቡድን ውጤት በሦስት ቁጥሮች ይጻፋል። የ1954ቱ የፍጻሜ ጨዋታ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፉትስክሬይ 15.12 (102)፣ ሜልቦርን 7.9 (51) ተብሎ ተመዝግቧል። የመጀመሪያው ቁጥር ጎል፣ ሁለተኛው ቢሃይንድ የሚባለው፣ በቅንፍ ውስጥ ያለው ደግሞ ጠቅላላ ነጥቡ ነው። በሜዳው በእያንዳንዱ ጫፍ አራት ምሰሶዎች ቆመዋል። ኳሷ ማንም ሳይነካት ከአጥቂው እግር ወጥታ በሁለቱ ረጃጅም የመሀል ምሰሶዎች መካከል ካለፈች ጎል ሆና 6 ነጥብ ታስገኛለች፤ በመሀልና በዳር ምሰሶ መካከል ካለፈች፣ የመሀሉን ምሰሶ ከመታች፣ ወይም ተከላካይ ነክቷት ወደ ውስጥ ከገባች ግን ቢሃይንድ ተብላ 1 ነጥብ ብቻ ትቆጠራለች። ይህ አቆጣጠር እዚህ በምንመለከተው ውድድር ውስጥ የጸናው የቪክቶሪያ ፉትቦል ሊግ ከተመሠረተበት ከ1897 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ቢሃይንድ ቢመዘገብም አሸናፊውን የሚለየው ጎል ብቻ ስለነበረ፣ ከ1897 በፊት የነበሩ ውጤቶችን ከኋለኞቹ ጋር በአንድ መዝገብ ማስገባት አይገባም።

የራስዎን መዝገብ ለማዘጋጀት ካሰቡ፣ ከሁሉ በፊት ጎሉንና ቢሃይንዱን በተለያየ ዓምድ ይጻፉ። በመካከላቸው ያለችው ነጥብ የአስርዮሽ ምልክት አይደለችም፤ እንደ ኤክሴል ያለ ፕሮግራም ግን ይህን ስለማያውቅ 10.10 ብለው ቢጽፉለት ወደ 10.1 ይለውጠዋል። እንዲህ ሲሆን የ70 ነጥብ ውጤት ወደ 61 ይወርዳል። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ሲያሰልፍም 15.9ን ከ15.12 በላይ ያስቀምጠዋል። አስገራሚ ግኝት መስሎ የታየ ነገር ተመልሶ የአጻጻፍ ጉድለት ሆኖ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ጎሉን በ6 አባዝቶና ቢሃይንዱን ደምሮ ድምሩን ማረጋገጥ ልማድ ይሁንዎ።

ድምሩ ከተረጋገጠ በኋላ ጨዋታው ራሱ ያለው በክፍልፋዮቹ ውስጥ ነው። አንድ ጠቅላላ ነጥብ በብዙ መንገድ ሊገኝ ይችላል፤ ለምሳሌ 68 ነጥብ ያለ ምንም ጎል ከሚገኘው 0.68 አንሥቶ እስከ 11.2 ድረስ 12 አመጣጥ አለው። በእውነተኛ ጨዋታ የሚታዩት ከእነዚህ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የአቻ ውጤቶች ለምርመራ የሚመቹትም ለዚህ ነው። አቻ ከመቶ ጨዋታ በአንዱ ያህል የሚያጋጥም ሲሆን፣ በፍጻሜ ጨዋታ የታየው ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በ1948 ኤሰንደን 7.27 (69)፣ ሜልቦርን 10.9 (69)፤ በ1977 ኖርዝ ሜልቦርን 9.22 (76)፣ ኮሊንግዉድ 10.16 (76)፤ በ2010 ደግሞ ኮሊንግዉድ 9.14 (68)፣ ሴንት ኪልዳ 10.8 (68) ነበሩ። ሁለት ቡድኖች አቻ ሲወጡ የቢሃይንዳቸው ልዩነት ምንጊዜም የጎላቸው ልዩነት ስድስት እጥፍ መሆን አለበት፤ በ1948 ልዩነቱ 3 ጎልና 18 ቢሃይንድ፣ በሌሎቹ ሁለቱ 1 ጎልና 6 ቢሃይንድ መሆኑን በጣት ቆጥሮ ማረጋገጥ ይቻላል። ከሦስቱ በእርግጥ እንግዳ የምለው የ1948ቱን ነው፤ ምክንያቱም 34 ጊዜ አስቆጥሮ 7ቱን ብቻ ጎል ያደረገ ቡድን በማንኛውም ዓመት ቢፈለግ ብርቅ ነው። ኤሰንደን በድጋሚው ጨዋታ 13.11 (89) ለ7.8 (50) ተሸንፏል። ከ2016 ወዲህ የፍጻሜ ጨዋታ አቻ ቢያልቅ በተጨማሪ ሰዓት እንዲለይ ስለተደነገገ፣ ድጋሚ የሚባለው ነገር አራተኛ ምሳሌ አይኖረውም።

ቁጥር ለሚወድ ሰው ከሁሉ የሚጣፍጠው ፍለጋ የማባዣ ውጤት ነው፤ ማለትም ጎሉን በቢሃይንዱ ሲያባዙ ራሱ ጠቅላላ ነጥቡ የሚገኝበት ውጤት። እንዲህ እንዲሆን ቢሃይንዱ፣ 6 ቁጥርን ከጎሉ በአንድ በሚያንስ ቁጥር አካፍሎ በሚገኘው ላይ 6 ከመደመር እኩል መሆን አለበት። ክፍያው ያለ ቀሪ የሚወጣው አካፋዩ 1፣ 2፣ 3 ወይም 6 ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ ዜሮ ለዜሮን ትተን በዓለም ላይ ሊኖሩ የሚችሉት የማባዣ ውጤቶች አራት ብቻ ናቸው፤ እነሱም 2.12 (24)፣ 3.9 (27)፣ 4.8 (32) እና 7.7 (49) ናቸው። ምንም ያህል ጨዋታ ቢደረግ አምስተኛ አይጨመርም። ከአራቱ አንዱ ዋንጫ ያስገኘ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያሳምረዋል፤ በ1899 የፍጻሜ ጨዋታ ፊትዝሮይ ሳውዝ ሜልቦርንን ያሸነፈው 3.9 (27) ለ3.8 (26) ነበር። የ1927ቱ አሸናፊ ኮሊንግዉድ ግን በ2.13 (25) ጨርሶ፣ በአንዲት ቢሃይንድ ብቻ ከዚህ ማኅበር ውጭ ቀርቷል። ከአራቱ ትልቁ 49 ነጥብ ስለሆነና የዛሬ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በላይ ስለሚያስቆጥሩ፣ በመጨረሻ ውጤት ላይ ብቻ ቢፈልጉ ጥቂት ያገኛሉ። ጨዋታው በአራት ሩብ የተከፈለ ስለሆነና የእያንዳንዱ ሩብ ማብቂያ ውጤት ስለሚመዘገብ፣ በእረፍት ሰዓት ያለውን ዓምድ ይመልከቱ፤ 4.8 (32) የሚገኘው እዚያ ነው።

ጎሉና ቢሃይንዱ እኩል ሲሆኑ ጠቅላላ ነጥቡ የ7 ብዜት መሆኑ ግን ያን ያህል አያስደንቅም፤ 6 እና 1 ተደምረው 7 ስለሚሆኑ ሌላ ሊሆን አይችልም።

ከመጠን ያለፉ ውጤቶችን በተመለከተ፣ ሪከርዱ በምን እንደተለካ ሳይጠይቁ አይለፉ። ከፍተኛው የአንድ ቡድን ውጤት ጂሎንግ በግንቦት 1992 በካራራ ሜዳ በብሪስበን ቤርስ ላይ ያስመዘገበው 37.17 (239) ነው። ትልቁ የማሸነፊያ ልዩነት ግን የዚህ ጨዋታ አይደለም፤ ብሪስበን 75 ነጥብ ስላገኘ ልዩነቱ በ164 ቆሟል። የልዩነቱን ሪከርድ የያዘው ፊትዝሮይ ነው፤ በሐምሌ 1979 በዌቨርሊ ፓርክ ሜልቦርንን 36.22 (238) ለ6.12 (48) ሲረታ 190 ነጥብ ለያያቸው። ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው የከፍተኛ ነጥቡ ሪከርድ ከ13 ዓመት በኋላ በአንዲት ነጥብ ብቻ መሰበሩን ያያሉ። ጂሎንግ በ2011 በሜልቦርን ላይ ዳግመኛ 37 ጎል አስቆጠረ፤ ቢሃይንዱ 11 ብቻ ስለነበር ግን በ233 ቀርቶ የራሱን ሪከርድ ሳይነካ በ186 ነጥብ ልዩነት አሸነፈ። ጎል ሳይጎድል ባመለጡ ኳሶች ማነስ ሪከርድ ሲቀር የሚታየው በዚህ ስፖርት ነው።

በታችኛው ጫፍ ሴንት ኪልዳ በ1899 በጂሎንግ 23.24 (162) ለ0.1 (1) የተሸነፈበት ጨዋታ አለ። በ1961 ሪችመንድ 0.8 (8) አግኝቶ ያለ ጎል ወጥቷል። እንዲህ ያሉትን ዝቅተኛ ውጤቶች ሲያገኙ ወዲያው ስለ ቡድኑ ድክመት ከመጻፍ በፊት የሜዳውን፣ የአየሩንና የደንቡን ሁኔታ ይመርምሩ። ሪችመንድ በ1927 የፍጻሜ ጨዋታ 1.7 (13) ብቻ ያገኘው በዝናብና በጭቃ ሲሆን አሸናፊውም ያገኘው 25 ነጥብ ብቻ ነው፤ ፍሪማንትል በ2009 በአዴሌይድ ሲሸነፍ ያንኑ 1.7 (13) ሲያስመዘግብ ግን ተጋጣሚው ከ100 ነጥብ በላይ አስቆጥሯል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ታሪኩ ፈጽሞ የተለያየ ነው። የ2020 ውድድር ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት እያንዳንዱ ሩብ ከ20 ወደ 16 ደቂቃ ባጠረበት ሁኔታ ስለተካሄደ፣ የዚያን ዓመት ዝቅተኛ ውጤቶች ከሌሎች ዓመታት ጋር ሲያነጻጽሩ በግልጽ ምልክት ያድርጉባቸው።

አሁን ወደ ምጣኔ እንምጣ። ጎሉን ለጎልና ለቢሃይንድ ድምር አካፍለው በመቶ ሲያሰሉት የቡድኑ የዒላማ ምጣኔ ይገኛል። ኤሰንደን በ2001 ከ69 ነጥብ ኋላ ተነሥቶ ኖርዝ ሜልቦርንን 27.9 (171) ለ25.9 (159) ባሸነፈበት ጨዋታ የአሸናፊው ምጣኔ ልክ 75 ከመቶ ነበር። ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 52 ጎል አስቆጥረው እያንዳንዳቸው ቢሃይንዳቸው 9 ብቻ መሆኑ፣ ለእኔ ከነጥቡ ብዛት ይልቅ የሚያስገርም ነው። ነገር ግን ይህ ስሌት አንድ ወጥመድ አለበት። በ2008 የፍጻሜ ጨዋታ ሆውቶርን 18.7 (115)፣ ጂሎንግ 11.23 (89) ሲያገኙ፣ ተሸናፊው 34 ጊዜ፣ አሸናፊው 25 ጊዜ አስቆጥረዋል። ይህን ብቻ ያየ ሰው የጂሎንግ አጥቂዎች ዒላማ ጠፍቷቸው ነበር ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ እውነቱ ግን ከ23ቱ ቢሃይንድ ግማሽ ያህሉን ያስገቡት የሆውቶርን ተከላካዮች ራሳቸው መሆናቸው ነው። አንድ ነጥብ ለተጋጣሚ ሰጥቶ ኳሷን ከራስ ጎል ፊት እንደገና መጀመር፣ ስድስት ነጥብ ከመስጠት ይሻላል ብለው አስልተዋል። በቀጣዩ ዓመት ያለ ጫና ሆን ብሎ ኳስን በራሱ ምሰሶዎች መካከል የሚያስገባ ተከላካይ ቅጣት ምት እንዲሰጥበት ደንብ ወጣ። ስለዚህ የዒላማ ምጣኔ ሲያሰሉ፣ በተከላካይ የገቡት ቢሃይንዶች በመዝገቡ ለብቻ ተለይተው ከሆነ ይቀንሷቸው።

የቢሃይንድ ዋጋ ከዚህም የሚልቅበት ጊዜ አለ። ሴንት ኪልዳ በታሪኩ ያገኘው ብቸኛ የሊጉ ዋንጫ የ1966ቱ ሲሆን፣ ኮሊንግዉድን 10.14 (74) ለ10.13 (73) ያሸነፈው በባሪ ብሪን አንዲት ቢሃይንድ ነው።

አንዳንድ ውጤት ደግሞ ሜዳ ላይ ከተጻፈ በኋላ ተለውጧል፤ ይህን የማያስተውል መዝገብ አዘጋጅ ከሌሎች ምንጮች ጋር ሲጋጭ ይኖራል። ሴንት ኪልዳ በሊጉ የመጀመሪያዎቹን 48 ጨዋታዎች በተከታታይ ከተሸነፈ በኋላ፣ በ1900 መክፈቻ ከሜልቦርን ጋር 70 ለ70 አቻ ወጣ። ክለቡ የሜልቦርን አንዲት ቢሃይንድ የሩቡ ማብቂያ ደወል ከተደወለ በኋላ የገባች ናት ብሎ አቤቱታ አቀረበ፤ አቤቱታው ተቀባይነት አግኝቶ ውጤቱ 10.10 (70) ለ9.15 (69) ሆነና የመጀመሪያ ድሉ ተመዘገበለት። ከ106 ዓመት በኋላ በ2006 ዕጣው ተገላበጠበት። በላንሰስተን ከፍሪማንትል ጋር ሲጫወት ዳኞቹ የማብቂያውን ሳይረን ስላልሰሙ ጨዋታው ቀጠለ፤ ሴንት ኪልዳም በዚያ ትርፍ ጊዜ ባገኛት ቢሃይንድ 94 ለ94 አቻ ወጣ። ሊጉ በኋላ ያቺን ቢሃይንድ ሰርዞ ፍሪማንትል 94 ለ93 እንዳሸነፈ ወሰነ። እንዲህ ላሉት ጨዋታዎች በመዝገብዎ የጸናውን ውጤት ይጻፉ፤ የሜዳውን ውጤት ግን በማስታወሻ ዓምድ ያቆዩት፤ አለዚያ በዚያ ዕለት የታተመ ጋዜጣ ያገኘ አንባቢ መዝገብዎን ስህተት ነው ሊልዎት ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው መመዘኑ ነው። የፉትስክሬይን የ1954 ድል መልሰው ይመልከቱት፤ 102 የ51 ልክ እጥፍ ነው። ፉትስክሬይ በምዕራብ ሜልቦርን የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የበዙበት ሰፈር ስለሆነ ስሙ ለብዙ አማርኛ አንባቢ አዲስ አይደለም፤ ክለቡ ዛሬ ዌስተርን ቡልዶግስ ይባላል። ሁለተኛውን ዋንጫ ለማግኘት 62 ዓመት ጠብቆ በ2016 ሲድኒን 13.11 (89) ለ10.7 (67) አሸነፈ። 13.11 (89) ደግሞ ሜልቦርን በ1948 ድጋሚ ያሸነፈበት ውጤት ነው፤ በዚያ ጨዋታ የተሸነፈው ኤሰንደን ያገኘውን 7.8 (50) በ2020 ፍጻሜ የተሸነፈው ጂሎንግ ደግሞታል። እነዚህን ሰንሰለቶች ማግኘት ያስደስታል፤ ይሁን እንጂ ትርጉም አልሰጣቸውም። የፍጻሜ ጨዋታዎች ከመቶ በላይ ናቸው፣ የአሸናፊዎች ጎል ደግሞ በጠባብ ክልል ውስጥ ስለሚመላለስ መደጋገሙ የማይቀር ነው። በአንጻሩ 7.27ን ወይም 27.9ን ከዚያ ክልል ውጭ ያወጣቸው በሜዳው ላይ የሆነ ነገር ነው። የእኔ መመዘኛ ይህ ነው፦ ቁጥሩ በዘፈቀደ በተመረጡ መቶ ጨዋታዎች ውስጥ ሊገኝ የሚችል ከሆነ ለጨዋታ ያህል ይጠቀስ፤ ካልተገኘ ምክንያቱ ይፈለግ።

የደረጃ ሰንጠረዡም የራሱ እንግዳ ነገር አለው። ድል 4፣ አቻ 2 ነጥብ ያስገኛል፤ እኩል የሆኑትን የሚለያቸው ግን ያስቆጠሩት ነጥብ ለተቆጠረባቸው ተካፍሎ በመቶ ሲባዛ የሚገኘው ፐርሰንቴጅ ነው። በዚህ ስሌት መሠረት ፐርሰንቴጁ ከ100 በላይ የሆነ ቡድን አንድ ነጥብ ከማስቆጠር ይልቅ አንድ ነጥብ እንዳይቆጠርበት ቢያደርግ በጥቂቱ ይበልጥ ይጠቀማል፤ ከ100 በታች ላለው ግን ተቃራኒው ነው። በ2017 ዌስት ኮስትና ሜልቦርን በእኩል ድል ጨርሰው፣ በግማሽ መቶኛ ልዩነት ዌስት ኮስት ስምንተኛ ሆኖ ወደ ጥሎ ማለፉ ሲገባ ሜልቦርን ከውድድሩ ውጭ ቀረ። ሁለቱም ከ100 በላይ ስለነበሩ፣ የሜልቦርንን ጎዶሎ ለማስላት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መቁጠር ያለበት በዚያ ዓመት የተቆጠረበትን ነጥብ ነው።