ሐመልማለ ወርቅ ከየት መጣ? በጥንት ምስጋና ውስጥ የእንግዳ ሐረግን ምንጭ ማግኛ መንገድ

በውዳሴ ማርያም፣ በድጓ (በቅዱስ ያሬድ የዜማ ድርሰት) እና በመልክእ (የቅዱሳንን አካል እየጠራ በሚያመሰግን ግጥም) ውስጥ ግራ የሚያጋቡ ሐረጎች ብዙዎቹ የደራሲው ፈጠራ ሳይሆኑ ከግእዙ መጽሐፍ ቅዱስ የተወሰዱ ናቸው። ግእዙ ብሉይ ደግሞ የተተረጎመው ከግሪኩ፣ ከሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ነው። አማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን የሚመለሰውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሐረጉን ነጥላችሁ ሳይሆን ከነሙሉ ዐረፍተ ነገሩ፣ ፊደሉን ሳትለውጡ ቅዱ። ሰአለ «ለመነ» ነው፤ ሠዐለ ግን ሥዕል ሣለ። ሰረቀ ሌብነት ነው፤ ሠረቀ የፀሐይ መውጣት። ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር ጽሑፍ እነዚህን ስለሚያምታታ ከታተመ መጽሐፍ ጋር ሳታስተያዩ አትቀጥሉ።

ቀጥሎ ቃሉን ከቅጥያው አላቁት። «ወገበዋቲሃኒ» ውስጥ ወ እና ኒ አያያዦች ናቸው፤ ሃ «የእሷ» ማለት ነው። የሚቀረው ገበዋት፣ የገቦ (ጎን) ብዙ ቁጥር ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) የሚሄደው በአበገደ ተራ (አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ) ስለሆነ በሀለሐመ ተራ የለመደ ሰው ቃሉ የለም ብሎ መጽሐፉን እንዳይዘጋ።

አሁን ምንጩን ፈልጉ። «ገበዋቲሃኒ በሐመልማለ ወርቅ» ያለው መዝሙረ ዳዊት 67 ላይ፣ ስለ ርግብ ክንፍ በሚናገረው ቁጥር ነው፤ የዕብራይስጡን አቆጣጠር በሚከተሉ እትሞች 68 ይሆናል። ከመዝሙር 1 እስከ 8 እና ከ148 እስከ 150 ቁጥሩ አንድ ነው፤ በመካከሉ ግእዙ በአብዛኛው በአንድ ያንሳል። ሐመልማል ለምለም፣ አረንጓዴ ነው። ታዲያ ወርቅ እንዴት ይለመልማል? የግሪኩ ቃል አረንጓዴንም ፈዛዛ ቢጫንም ይይዛል፤ ግእዙ ልምላሜውን መረጠ። የርግቢቱ ላባ የሚያብረቀርቅበት ቀለም መሆኑ ነው። በምስጋናው ውስጥ ስለ ወርቅ ማዕድን የተለየ ምሥጢር ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን እወቁ።

በእሑዱ የውዳሴ ማርያም ክፍል ያለው «መሶበ ወርቅ»ም እንዲሁ ነው። ዘጸአት 16፥33 በዕብራይስጡ የመናውን ዕቃ ወርቅ አይለውም፤ ወርቁ ያለው በግሪኩና በዕብራውያን 9፥4 ላይ ነው። እንጀራ የሚቀርብበትን መሶብ ያሰበ አንባቢ እዚህ ይስታል።

አንድምታውን (የሊቃውንቱን የትርጓሜ መጽሐፍ) የምትከፍቱት ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚሰጠው ነጠላ ትርጉም ብዙውን ጊዜ ለምንጩ ይቀርባል፤ «አንድም» እያለ የሚያስከትለው ትምህርት ነው። ሁሉንም የሐረጉ መነሻ አድርጎ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ካጣችሁት፣ በተለይ የጻድቃን መልክእ ሲሆን፣ ወደ ገድሉ (ወደ ጻድቁ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ) ሂዱ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስድስት ክንፍ የሚገኘው በገድላቸው ነው፤ ኢሳይያስ 6 ላይ ያለው የሱራፌል ክንፍ ነው፤ ስድስት የሚለውን ቁጥር ብቻ አይቶ ሁለቱን ማቀላቀል አይገባም።