በደጋ ግቢ ሎሚና ብርቱካን ሲተከል ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ፣ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ከተሞች በግቢያቸው ብርቱካን የተከሉ ሰዎች፣ በክረምቱ ለምልሞ የቆየው ችግኝ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እሳት እንደለበለበው ጠቁሮ ሲያገኙት «አገሩ አይስማማውም» ብለው ይነቅሉታል። ውርጩ ብርቱ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ችግኙን አሳልፎ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ አተካከላችንና አያያዛችን ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከምርጫ ይጀምራል። በየገበያው የምናውቀው ቆዳው ስስ የሆነው ትንሹ ሎሚ፣ እንደ ትርንጎ ሁሉ፣ ብርድ ፈጥኖ ከሚጎዳቸው ወገን ነው። የብርቱካን ዛፍ ከእርሱ ይልቅ ይችላል፤ የመንደሪን ዛፍ ደግሞ በአብዛኛው ከብርቱካንም ይጠነክራል። ስለዚህ ለብርዳም ግቢ ከሎሚ መጀመር ከከባዱ መጀመር ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የቦታው ስህተት ነው። ውርጭ የሚወድቀው ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ጸጥ ባለበት ሌሊት ሲሆን፣ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳል፤ ከታች የድንጋይ አጥር ካገኘ ደግሞ እዚያው ይታቆራል። ብዙዎቻችን «እርጥበት አለው» ብለን የምንተክለው በዚሁ የግቢው ጥግ ነው። የሚሻለው ከፍ ያለውን ቦታ፣ በተለይም ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ግንብ ሥር መምረጥ ነው፤ በእነዚያ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል ግንቡ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል።

አፈሩም እንደ ግንቡ ሙቀት ያጠራቅማል። ሥሩ እንዲሞቀው በማሰብ በውርጭ ወራት ገለባ የሚያነጥፉ ሰዎች ሳያውቁት አፈሩ የቀኑን ፀሐይ እንዳይቀበል ይከለክሉታል። ገለባው በሌላው የበጋ ጊዜ እርጥበት ይጠብቃል፤ በኅዳር ግን ተነሥቶ መሬቱ ታርሞና በመጠኑ ርሶ ቢተው ይመረጣል።

በመረሬ (ውኃ በሚቋጥር ጥቁር ጭቃማ) አፈር ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ መትከል ክረምቱን ሙሉ ሥሩን ውኃ ውስጥ መንከር ስለሆነ፣ ችግኙ በጉብታ አፈር ላይ ይተከል። በብርድ ወቅት የሚታይ የቅጠል ቢጫነትም ሁልጊዜ የማዳበሪያ እጥረት አይደለም፤ ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ እድገቱ ሊቆም ስለሚቃረብና ሥሩም ስለሚደክም፣ አፈሩ ውስጥ ያለውን ምግብ እንኳ በሚገባ አይስብም። ይህን ባለማወቅ በመስከረም ወይም በጥቅምት ማዳበሪያ መጨመር ለውርጭ የሚመች ለጋ ቀንበጥ ከማብቀል አይዘልም።

ሌሊት በላስቲክ መሸፈን ሌላው ችግር ነው፤ ላስቲኩ የነካው ቅጠል ይቃጠላል። ጆንያ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ይሸፍነው፣ ጠዋትም ይነሣ።

ውርጭ መትቶት ቅርንጫፉ ቢጠቁር ወዲያው መቁረጥ አይገባም። የሞተው ከየት እንደሚጀምር የሚታወቀው አዲስ ቡቃያ ሲወጣ ነው። ችግኙ የተዳቀለ፣ ማለትም በሌላ ዛፍ ሥረ ግንድ ላይ የተጋጠመ ከሆነ ከመጋጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠው የሥረ ግንዱ እንጂ የተፈለገው ዝርያ ስላልሆነ ይወገድ።

በመጨረሻም በመልክ መታለል አለ። የብርቱካንን ልጣጭ የሚያቀላው የሌሊት ቅዝቃዜ በመሆኑ በደጋ ፍሬው ውስጡ ሳይጣፍጥ ደጁ ያምራል። እንደ ሙዝ ተቀጥፎ ስለማይበስል፣ አንዱን ቀምሶ መምረሩ ወይም መኮምጠጡ ካልለቀቀው ሌላውን ዛፉ ላይ መተው ነው።