ጉድጓድ አሸዋ እንዳይተፋ፦ የጠጠርና የስክሪን አመራረጥ

አሸዋ የሚከለከለው ከመሬት በታች ነው፤ ውሃ አስገብቶ አሸዋ በሚያስቀር ባለ ክፍተት ቧንቧ (ስክሪን) እና በዙሪያው በሚሞላ ጠጠር። ላይ የሚተከል ማጣሪያ ቧንቧውን ይጠብቅ ይሆናል፤ ፓምፑ ግን አሸዋውን ቀድሞ ቀምሶታል። ሙቅ ውሃ ከአሸዋ ድንጋይ አውጥቶ በሌላ ጉድጓድ ለሚመልስ የጂኦተርማል ጣቢያ፣ ለምሳሌ ለጀርመኑ ኖይሽታት-ግሌቨ ዓይነት፣ ጣጣው ይብሳል፤ ደቃቁ የመመለሻውን ጉድጓድ ይደፍናል። እንደ አሉቶ ላንጋኖ ባለ ስንጥቅ የእሳተ ገሞራ ዐለት ግን ብዙውን ጊዜ ቀዳዳ ያለው ላይነር (የውስጥ ቧንቧ) ይበቃል።

ሥራው ከናሙና ይጀምራል። በየሜትሩ ናሙና ውሰዱ፣ አድርቁ፣ በወንፊት ነፍታችሁ መዝኑ። ጭቃውን ለማስለቀቅ ናሙናውን አብዝቶ ማጠብ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ደቃቁ ታጥቦ ስለሚሄድ አሸዋው ሻካራ መስሎ ይታይና ያለ ልክ ትልቅ ጠጠር ይመረጣል። ስክሪን ከሚገባባቸው ንብርብሮች ስሌቱን በደቃቁ ሥሩ። እጅግ የደቀቀውን ግን በድፍን ኬዚንግ (ክፍተት በሌለው የጉድጓድ ቧንቧ) ዝለሉት።

የጠጠሩ መካከለኛ መጠን ከአሸዋው ከ5 እስከ 6 እጥፍ ይሁን። አሸዋው 0.25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጠጠሩ ከ1.25 እስከ 1.5 ነው፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የተነፋ ድቡልቡል፣ የታጠበ የኳርትዝ ጠጠር ይስማማዋል። ለዚህ ጠጠር የስክሪኑ ክፍተት 1 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከጠጠሩ 90 በመቶ ያህሉን መያዝ አለበት። የተፈጨ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ አታስገቡ።

በ375 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ 219 ሚሊ ሜትር ኬዚንግ ቢወርድ ዙሪያው 78 ሚሊ ሜትር ይቀራል፤ ለእያንዳንዱ ሜትር 0.073 ሜትር ኩብ ጠጠር ይፈልጋል። ኬዚንጉን መሐል የሚይዙ ሴንትራላይዘሮች ግድ ናቸው። ጠጠሩን ከላይ አትድፉት፤ በቀጭን ቧንቧ ከታች ጀምራችሁ፣ ቧንቧውን እየሳባችሁ ሙሉ። የገባው ከስሌቱ በጣም ካነሰ መሐል ላይ ተሰንቅሮ ባዶ ቦታ ትቷል ማለት ነው፤ አሸዋ የሚገባው በዚያ ነው። ሲታጠብ ስለሚሰምጥ ከስክሪኑ በላይ ብዙ ሜትር ትርፍ ይኑር።

ከዚያ በኮምፕሬሰር አየር ቀስ ብላችሁ እጠቡ፤ አየሩን አቁማችሁ ውሃው እንዲመለስ አድርጉ፣ ደግማችሁ ንፉ። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መሳብ እርስ በርሱ ተደጋግፎ የቆመውን የአሸዋ ቅስት አያፈርሰውም። ቀጥሎ በፓምፕ ከታሰበው ፍሰት በሩብ ጀምራችሁ እስከ 125 በመቶ አድርሱ፤ ውሃው ሳይጠራ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

በሊትር 5 ሚሊ ግራም አሸዋ ኢምንት ይመስላል። በሰከንድ 20 ሊትር ለሚስብ ፓምፕ ግን በቀን 8.6 ኪሎ ግራም ነው። ልኬቱን ፓምፑ እንደተነሣም፣ ከሰዓታት በኋላም ውሰዱ። ሲነሣ ብቻ የሚተፋ ከሆነ በኢንቨርተር (የፓምፑን ፍጥነት በሚቆጣጠር መሣሪያ) አለስልሳችሁ አስነሡት። ለዓመታት ንጹሕ የነበረ ጉድጓድ ድንገት ከተፋ ደግሞ ስክሪኑ ሳይበሳ አልቀረም፤ ፍሰቱን ቀንሱ፣ ካሜራ አውርዱ፣ ቀዳዳው ከታየ ውስጡ ጠበብ ያለ ሁለተኛ ስክሪን ይግባ።