የሕዋስን ሽፋን ከውሃ ተነሥቶ ማስተማር፤ በጎንደር ገበያ በሚገኙ ነገሮች የሚሠራ መመሪያ

የሕዋስ ሽፋን ከምን እንደተሠራ የተጠየቀ የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ከፎስፎሊፒድና ከፕሮቲን» ብሎ ለመመለስ አይቸገርም። የሚቸገረው እነዚያ ሞለኪውሎች ማንም ሳያሰልፋቸው ስለምን በሁለት ረድፍ እንደሚቆሙ ሲጠየቅ ነው። መልሱ የሚገኘው በዙሪያቸው ካለው ውሃ ስለሆነ፣ በጎንደርና በአካባቢዋ የሚያስተምሩ መምህራንም ሆኑ ልጆቻቸውን በቤት የሚያስጠኑ ወላጆች ትምህርቱን ከሽፋኑ በፊት ከውሃ እንዲጀምሩት አጥብቄ እመክራለሁ። ከማይክሮስኮፕና ከመስታወቶቹ በስተቀር የሚያስፈልገው ሁሉ ከቅዳሜ ገበያም ሆነ ከአዘዞ ሊገዛ ይችላል።

በመጀመሪያ አንድ የውሃ ሞለኪውል በወረቀት ላይ ይሣሉ፤ አንድ ኦክስጅንና ሁለት ሃይድሮጂን። አቶሞቹን የሚያያይዛቸው ኤሌክትሮን በመጋራት የሚፈጠረው ኮቫለንት ትስስር ሲሆን፣ ኦክስጅን የጋራውን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ አብልጦ ስለሚስብ በእርሱ በኩል ጥቂት አሉታዊ፣ በሃይድሮጂኖቹ በኩል ደግሞ ጥቂት አወንታዊ ሙል (ቻርጅ) ይኖራል። ሁለተኛ የውሃ ሞለኪውል አጠገቡ ይሣሉና የአንዱን ሃይድሮጂን ከሌላው ኦክስጅን ጋር በነጠብጣብ መስመር ያገናኙ። ነጠብጣቡ ሃይድሮጂን ትስስር ነው፤ በሞለኪውሉ ውስጥ ያለው ኮቫለንት ትስስር ከእርሱ 20 እጥፍ ገደማ ይጠነክራል። ሁለቱን ለመለየት ውሃ ማፍላት ይበቃል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝና የአየር ግፊቷም ዝቅ ያለ በመሆኑ ውሃ በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል፤ በዚህ ሙቀት የሚፈቱት ነጠብጣቦቹ ብቻ ናቸው፤ ኮቫለንቱ ስላልተነካ እንፋሎቱም ያው ውሃ ነው። ተማሪው እዚህ ላይ ከተምታታበት ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይምታታበታል፤ ስለዚህ ሥዕሉን ራሱ ደግሞ እስኪሥለው ድረስ አይለፉ።

ቀጥሎ አንድ ራስና ሁለት ጅራት ያለውን የስብ ዓይነት፣ ፎስፎሊፒድን፣ ይሣሉ። የራሱ ክፍል ፎስፌት ያለበትና ሙል የያዘ በመሆኑ ከውሃ ጋር በቀላሉ ይያያዛል። ሁለቱ ጅራቶቹ ግን ከካርቦንና ከሃይድሮጂን የተሠሩ ረጃጅም የስብ አሲዶች ናቸው፤ እነዚህ አቶሞች ኤሌክትሮንን እኩል ሊባል በሚችል መጠን ስለሚጋሩ ውሃ የሚይዘው ሙል አያገኝባቸውም። ውሃ እርስ በርሱ ለመያያዝ ጅራቶቹን ወደ አንድ ወገን ሲሰበስባቸው፣ ራሶቹ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ዞረው ጅራቶቹ መሐል ይገባሉ፤ ድርብ ሽፋኑም በዚህ ይፈጠራል። ውፍረቱ 7 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። በ1925 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከቀይ የደም ሕዋሳት ያወጡትን ስብ በውሃ ላይ ዘርግተው ሲለኩት የሕዋሳቱን ገጽ ስፋት እጥፍ ያህል ሆኖ አገኙት፤ የሽፋኑ ድርብነት የታወቀውም በዚህ መንገድ ነው። ስቡን ሙሉ በሙሉ አላወጡትም፤ የሕዋሱንም ስፋት አሳንሰው ገምተውት ነበር፤ ሁለቱ ጉድለቶች ተቻችለው ግን ትክክለኛውን መልስ ሰጡ።

ጎረቤታሞች የሆኑ ፎስፎሊፒዶች እርስ በርሳቸው በኮቫለንት ትስስር አለመያያዛቸውን በተለይ ያስገንዝቡ። ሽፋኑ የሚፈስና ቢቀደድ መልሶ የሚገጥም የሆነው ስለዚህ ነው። ሲንገርና ኒኮልሰን በ1972 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሞዴል ፕሮቲኖቹም በዚሁ ፈሳሽ ውስጥ ተሰክተው ይንሳፈፋሉ። የጅራቶቹን ጠባይ ለማሳየት በጎንደር ብርዳማ ጠዋት ቅቤና የኑግ ዘይት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ቅቤው ረግቶ ይገኛል፤ በውስጡ የሚበዙት የስብ አሲዶች ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ተጠጋግተው ይደረደራሉ። በኑግ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ሊኖሌይክ አሲድ ግን በካርቦኖቹ መካከል ሁለት ቦታ ላይ ድርብ ትስስር ስላለው ጎብጧል፤ ተጠጋግቶ መደርደር ስለማይችል ዘይቱ አይረጋም። የሕዋስ ሽፋንም ጅራቶቹ የጎበጡ በሆኑ ቁጥር ይበልጥ ይፈስሳል።

አሁን ሽፋኑ ሲሠራና ሲበላሽ ወደሚታይበት ሥራ እንግባ። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ቀይ ሥር ከሁሉ ይሻላል፤ ቀይ ቀለሙ በሕዋሱ ውስጥ ባለው ቫኩዩል፣ በራሱ ሽፋን በተከበበ የፈሳሽ ከረጢት፣ ስለሚቀመጥ ወደ ውጭ ለመውጣት የቫኩዩሉንም የሕዋሱንም ሽፋን ማለፍ አለበት። ጥሬውን ልጠው እኩል መጠን ያላቸው ኩብ ቁራጮች ያዘጋጁና በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው ይጠቡ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ ቢላዋ የቆረጣቸው ሕዋሳት ቀለም አስቀድሞ ስለሚፈስ፣ የታጠበበት ውሃ እስኪጠራ ካልታጠበ ሙከራው ምንም አያሳይም። ከዚያ በአንዱ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በሌላው የፈላና ቀዝቃዛ ውሃ እኩል የተቀላቀለበት፣ በሦስተኛው ሁለት እጅ የፈላና አንድ እጅ ቀዝቃዛ፣ በአራተኛው አረቄ ያድርጉና ቁራጮቹን እኩል አከፋፍለው ይጨምሩባቸው። ቴርሞሜትር ባይኖር፣ በጎንደር የሁለተኛው ሙቀት ሲቀላቀል 55 ዲግሪ፣ የሦስተኛው 68 ዲግሪ አካባቢ እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ለግማሽ ሰዓት ከቆዩ በኋላ ብርጭቆዎቹን ከነጭ ወረቀት ፊት ያነጻጽሯቸው። ቀዝቃዛው ብዙም ቀለም አይዝም፤ ሙቀቱ በጨመረ መጠን ግን የሽፋኑ ስብ እየላላ፣ ፕሮቲኖቹም ቅርጻቸውን እያጡ ስለሚሄዱ ውሃው ይቀላል። አረቄው ሳይሞቅ የሚቀላው አልኮሉ በስቡ መካከል ገብቶ አደረጃጀቱን ስለሚያፈርሰው ነው።

ማይክሮስኮፕ ካለ በቀይ ሽንኩርት ይቀጥሉ። ከሽንኩርቱ ሥጋ ውጫዊ ገጽ ሐምራዊውን ስስ ልጣጭ በጥፍር ገልጠው በመስታወቱ ላይ በአንድ ጠብታ ውሃ ይዘርጉት፤ ሽብሽብ እንዳይል ተጠንቅቀው በስስ መክደኛ መስታወት ይክደኑት። በአንድ ሲኒ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙና ከመክደኛው መስታወት በአንዱ ጠርዝ ያንጠባጥቡ፤ በተቃራኒው ጠርዝ ሶፍት ሲያስጠጉ የጨው ውሃው ይሳባል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሐምራዊው ይዘት ተሰብስቦ ከሕዋሱ ግድግዳ ሲለቅ ይታያል፤ ውሃው ሲወጣ ቀለሙ ግን ውስጥ ቀርቶ ይጠቁራል። ውሃ በፍጥነት የሚያልፍባቸው የፕሮቲን ቦዮች አኳፖሪን ይባላሉ፤ ያገኛቸው ፒተር አግሬ በ2003 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የጨው አዮኖች (ሙል የያዙ ቅንጣቶች) በውሃ ሞለኪውሎች ተከበው ስለሚቆዩ የጅራቶቹን ክፍል በራሳቸው አያልፉም። በሆስፒታል በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ፈሳሽ በ0.9 በመቶ የሚዘጋጀውም የደም ሕዋሳት እንዲህ እንዳይጨማደዱ፣ ወይም ውሃ በዝቶባቸው እንዳይፈነዱ ነው።

በመጨረሻ የጨው ውሃውን በዚያው ዘዴ በንጹሕ ውሃ ይተኩት። ይዘቱ ተመልሶ ግድግዳውን ከነካ ሽፋኑ ሕያው ነው። ቀለሙ ተበትኖ ከጠፋ ወይም ጨርሶ ካልተመለሰ ጨው በዝቷል፣ አለዚያም ብዙ ቆይቷል፤ ጨውን በግማሽ ቀንሰው በአዲስ ልጣጭ ይድገሙት።