ለላንድስኬፕ ባለሙያ ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰፊ ግቢ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግንበኛው ከመድረሱ በፊት፣ ባለቤቱና ግቢውን የሚነድፈው የላንድስኬፕ ባለሙያ ሲጻጻፉ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ልኮች ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ደጋ የሚሆኑ ናቸው።

ምኞትን ጽፎ ቁልቁለቱን መተው። «ፏፏቴ፣ ሰፊ ሳር፣ የድንጋይ መንገድ» ይባላል፤ መሬቱ ከቤቱ እስከ በሩ ስንት ሜትር እንደሚወርድ ግን አይጠቀስም። በየ5 ሜትሩ ችካል ይትከሉ፣ ውሃ በተሞላ ግልጽ የጎማ ቱቦ ልኩን ይውሰዱ፣ ቁጥሩን በካርታው ላይ ያስፍሩ። በ20 ሜትር ርቀት 1 ሜትር የሚወርድ መንገድ ያለ ደረጃ ይሄዳል። 2 ሜትር ከወረደ ደረጃ ይሻላል፦ 13 ደረጃ፣ የእያንዳንዱ ከፍታ 15.4 ሳንቲ፣ መርገጫው 33 ሳንቲ። ይህ ብቻውን ወደ 4 ሜትር ርዝመት ይበላል፤ ቀድሞ ካልታሰበ ደረጃው የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ይገባል።

አፈሩን ሳይፈትሹ ማዘዝ። 30 ሳንቲ ስፋትና 30 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉ። ሲደርቅ ደግመው ሞልተው በሰዓት ስንት ሳንቲ እንደወረደ ይጻፉ። ከ2.5 ሳንቲ በታች ከሆነ ውሃ አያሰርግም ማለት ነው። ዋልካ ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ በዚያ ላይ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ንጣፉንም ይዞ ይነሣል። አሜሪካዊው ባለጸጋ ጆርጅ ቫንደርቢልት እ.ኤ.አ. በ1888 የላንድስኬፕ ባለሙያውን ፍሬድሪክ ሎ ኦልምስቴድን ወደ ሰሜን ካሮላይና ግዛት ጠርቶ መሬቱን ሲያሳየው፣ ባለሙያው አፈሩ ደካማ፣ ጫካው የተጎሳቆለ መሆኑን ነገረው። ለቤቱ ቅርብ ትንሽ መናፈሻ፣ ለወንዙ ዳር እርሻ፣ ለቀረው ደን ይሁን አለ። ከሀብታም ደንበኛ ፊት እንዲህ የሚናገር ባለሙያ ያገኘ ሰው አይልቀቀው።

የጣሪያውን ውሃ መርሳት። 200 ካሬ ጣሪያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 10,000 ሊትር ይወርዳል። አሸንዳው የት እንደሚያፈስ ካልተጻፈ፣ ውሃው ሳሩን አቋርጦ ኩሬው ውስጥ ይገባና ደለል ይሞላዋል። 2 ሜትር ስፋት ያለው መንገድም ወደ አንድ ጎን 4 ሳንቲ ማዘንበል አለበት።

ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ያልተጠቆመበት ፎቶ መላክ። እዚህ ፀሐይ በሰኔ እኩለ ቀን በሰሜን፣ በታኅሣሥ በደቡብ በኩል ናት። 3 ሜትር ቁመት ያለው አጥር በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን 1.9 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ በሰኔ ግን ወደ ደቡብ 80 ሳንቲ ገደማ ብቻ ነው። ከአጥሩ ሥር በሰሜን በኩል የተተከለ ጽጌረዳ በጋውን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይከርማል።

ችግኝን በዛሬ ቁመቱ መቁጠር። ዝግባ ጉልበት ሳይደርስ ተገዝቶ ከ20 ሜትር ያልፋል፤ ከግድግዳ ቢያንስ 8 ሜትር ይራቅ።

ቀንና መለኪያ ማደባለቅ። ከዋሽንግተን የሚጽፍ ባለቤት «በ7ኛው ወር ይተከል» ሲል ሐምሌን ማለቱ ነው፤ አትክልተኛው የሚረዳው መጋቢትን ነው፣ ችግኙም ዝናብ ሳያገኝ ይደርቃል። የወሩን ስም ይጻፉ። «10» ብቻ ተብሎ የተላከ የመንገድ ስፋትም በአሜሪካው የጫማ (foot) መለኪያ ከሆነ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ነው፤ በሜትር ካነበቡት ግን ኮብልስቶኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ይታዘዛል።